ከቅዱስ ጴጥሮስ በስተ ጀርባ ያለችው የሐበሾች ቤት

በሮሜ ከተማ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከታላቁ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ጀርባ፣ ተመልካች ዓይኑን ሽቅብ ወደ ጕልላቱ ሲያቀና ሳያያት የሚያልፋት አንዲት ታናሽ ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አለች። ጣልያኖች «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» ይሏታል፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው። የሮሜው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ በ1479 ዓ.ም. ለአገራችን መነኰሳት ማረፊያ ትሆን ዘንድ ከሰጣት ወዲህ፣ ከኢየሩሳሌም እየተሻገሩ የሚመጡ ሐበሾች ለብዙ ዘመን ሲጸልዩባት፣ ሲያስተምሩባትና ሲቀበሩባት ኖረዋል። ስለዚህች ቤት የጻፉ ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት የሃይማኖትን ክርክርና የነገሥታትን መልእክት ነው። እኔ ግን ለማውሳት የፈለግሁት ከዚህ የሚያንስ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም ከሸዋ ወይም ከላስታ ወይም ከትግራይ ተነሥቶ እዚያ የደረሰ መነኵሴ፣ ጧት ከመኝታው ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ ማታ እስኪተኛ ድረስ በስሙ፣ በጾሙ፣ በሰዓቱና በአንደበቱ ላይ የደረሰበት መለወጥ ነው። ባሕሩን አንድ ጊዜ ተሻግሮታል፤ እነዚህን ግን በየቀኑ መሻገር ነበረበት። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዘመን ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል፤ የአቈጣጠሩ ልዩነት ራሱ የታሪኩ ክፍል ስለ ሆነ በስፍራው እመለስበታለሁ።

በግዕዝ «ነግድ» የሚለው ቃል መንገደኛውንም፣ እንግዳውንም፣ ወደ ተቀደሰው ቦታ የሚሄደውን ተሳላሚም በአንድነት የሚጠራ ነው፤ ከዚሁ ሥር ነጋዴም እንግዳም ወጥተዋል። አባቶቻችን ከአገር መውጣትን የተረዱት በዚህ ቃል ነበርና፣ የወጣው ሰው ወይ ሊሳለም ወይ ሊነግድ ወይ ከመከራ ሊሸሽ ይወጣል እንጂ በሌላ ሕዝብ መካከል ቤት ሠርቶ ሊኖር ይወጣል ብለው አያስቡም ነበር። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዓመት ከደቀ መዛሙርታቸው ጋራ በግብፅና በኢየሩሳሌም፣ በቆጵሮስም አልፈው እስከ አርመን ምድር ተጕዘው በዚያው ባረፉ ጊዜ፣ የተረፉት ደቀ መዛሙርት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሮሜ የደረሱት ግን ብዙዎቹ አልተመለሱም። ስለዚህ እነሱን እንደ ተሳላሚ ብቻ ሳይሆን፣ በባዕድ አገር ኑሮ ምን እንደ ሆነ በብዙ ትውልድ ፊት ቀድመው እንደ ቀመሱ ሰዎች አድርጌ እመለከታቸዋለሁ።

መንገዱ ራሱ የመጀመሪያው ትምህርት ነበር። መነኵሴው ዳዊቱን በማኅደር አንግቶ፣ መቋሚያውን ይዞ፣ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋራ ተዳብሎ፣ ወይ በግብፅ በኩል ወይ በቀይ ባሕር፣ ከብዙ ወራት በኋላ ኢየሩሳሌም ይገባል፤ በዚያ የራሱን ማኅበር፣ የራሱን ልሳንና የራሱን ቅዳሴ ያገኛል። እውነተኛው ባዕድነት የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ፣ በመርከብ ተሳፍሮ ቬኔስያ ሲደርስ ነው። አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ቬኔስያዊ ከ1519 እስከ 1524 ባለው ጊዜ በከተማው የሚያልፉትን ሐበሾች መነኰሳት እየጠየቀ፣ ከየት ተነሥተው በየት እንዳለፉ የመንገዳቸውን ዝርዝር ጽፎ አስቀርቶልናል። ያንን ዝርዝር ሳስበው ሁለት የተለያዩ አእምሮዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይታዩኛል። ጠያቂው ለካርታ የሚሆን ልክ ይፈልጋል፤ መነኵሴው ግን የሚያውቀው ርቀት የቀን መንገድ ነው፤ ከዚህ ገዳም እስከዚያ ወንዝ ስንት ሌሊት እንደ ታደረ፣ ውሃ የት እንደ ተገኘ፣ ማን እንደ ተቀበለው ነው። ለአንዱ ምድር ስፋት ናት፤ ለሌላው ድካም ናት። ከዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተነገረው የእግር መንገድ በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ለነበረው ዕውቀት መሠረት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሆነ።

ከሁሉ አስቀድሞ የተለወጠባቸው ስማቸው ነበር። በ1441 ዓ.ም. የኢየሩሳሌሙ ማኅበር አለቃ ኒቆዲሞስ የላካቸው መነኰሳት በፍሎሬንስ ጉባኤ በተገኙ ጊዜ፣ የጉባኤው አባቶች ንጉሣቸውን «ቄስ ዮሐንስ» እያሉ ይጠሩባቸው ነበር፤ በምሥራቅ የሚኖር እንዲህ የሚባል ኃያል ክርስቲያን ንጉሥ አለ የሚለው ወሬ በአውሮፓ ከ200 ዓመት በላይ ሥር ሰዶ ስለ ነበር ነው። መልእክተኞቹም በመገረም፣ ንጉሣቸው ዘርዐ ያዕቆብ መሆኑን፣ ስመ መንግሥቱም ቈስጠንጢኖስ እንደ ሆነ፣ ከስሞቹም መካከል ዮሐንስ የሚባል እንደሌለ ሊያስረዱ ደከሙ። አልተሳካላቸውም፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን አውሮፓውያን ለብዙ ዘመን የራሳቸውን ቄስ ዮሐንስ አልተዉም። የሌላውን ሰው አገር ከማየቱ በፊት በልቡ የሣለ ሰው፣ አገሪቱ ራሷ መጥታ ስትናገረው እንኳ ሥዕሉን ለመፋቅ ምን ያህል እንደሚቸገር ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

በሮሜም እንደዚሁ ሆነ። የከተማው ሕዝብ አንድ ጊዜ «ሕንዳውያን»፣ አንድ ጊዜ «ሞሮች» ይላቸው ስለ ነበር ቤተ ክርስቲያናቸውም በእነዚህ ስሞች ትጠራ ነበር። በ1511 ዓ.ም. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ከኮሎኝ የመጣ ጀርመናዊ ካህን በሮሜ ሐበሾች ሲጸልዩ ሰምቶ ልሳናቸው የከለዳውያን ነው ብሎ አመነ፤ ለግዕዝም ይህ የከለዳውያን የሚለው ስም በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ለብዙ ጊዜ ተለጥፎበት ቀረ። ተስፋ ጽዮን የተባለው የደብረ ሊባኖስ መነኵሴም በሮሜ የታወቀው በጴጥሮስ ስም ነው፤ ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ፣ አንዳንዴም ጴጥሮስ ሕንዳዊ ይሉት ነበር። ጴጥሮስ ያማረና የተቀደሰ ስም ነው፤ ነገር ግን ተስፋ ጽዮን ብሎ የሚጠራው ሰው በየጊዜው ጽዮንንም ተስፋንም ያነሣበት ነበር። በባዕድ አገር የሚኖር ሰው ስሙ ትርጓሜውን አውልቆ ድምፅ ብቻ ሲሆን የሚሰማውን ስሜት፣ የደረሰበት ያውቀዋል።

የሰፈሩበትም ስፍራ ጸጥታ የነበረው አልነበረም። የቀድሞውን የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ አዲሱን ማነጽ የተጀመረው በ1506 ሲሆን የተባረከው በ1626 ነው፤ ስለዚህ ለ120 ዓመታት ያህል የሐበሾቹ ጎረቤት ደብር ሳይሆን ፍርስራሽና ሕንጻ፣ የኖራ ትቢያና የድንጋይ ጠራቢዎች መዶሻ ነበር። ታላቁ ሚኬላንጄሎ ሥራውን የተረከበው ተስፋ ጽዮን በዚያው በሮሜ ሳለ ነው። ከአንድ አለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣውን የላሊበላን ቤተ መቅደስ የሚያውቅ መነኵሴ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ወደ ሰማይ ሲቈለል እያየ መኖሩ በልቡ ምን እንዳሳደረበት የጻፈው ነገር ስለሌለ አልናገርለትም። የሥርዓቱ ልዩነት ግን የታወቀ ነው። በአገሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው የቆመበት ቦታ የተቀደሰ ነውና ጫማውን ያወልቃል፤ እዚያ ግን መስፍኑም ገበሬውም ከነጫማው ይገባል። በአገሩ ማሕሌቱ በመቋሚያ ላይ ተደግፎ ቆሞ የሚታደርበት ነው፤ እዚያ ይንበረከካሉ። በብዙ ደብሮቻችን ደወሉ ተንጠልጥሎ የሚመታ ድንጋይ ሲሆን፣ በሮሜ ግን የናስ ደወል ከየአቅጣጫው እየተቀባበለ ከተማውን ይሞላዋል። እነዚህ ነገሮች የሃይማኖት ክርክር አይነሣባቸውም፤ ይሁን እንጂ እግር በለመደው መሬት ላይ ባዶውን መቆም ሲናፍቅ ልብን የሚነካው ከክርክሩ ይልቅ ይህ ነው።

በማዕድ ረገድ የነበረውን ደግሞ አንባቢ በዝርዝር እንዲያስበው እወዳለሁ። ጤፍ በዚያ አገር አይበቅልም ነበር፤ ስለዚህ እንጀራ አልነበረም። በእንጀራ ፋንታ የስንዴ ዳቦ፣ በጠላና በጠጅ ፋንታ የወይን ጠጅ አለ፤ ወይኑስ ከሚቀደስበት በቀር በአገራቸው ብርቅ ስለ ነበር፣ በየቤቱ እንደ ውሃ ሲጠጣ ማየት ራሱ እንግዳ ነገር ነው። ከምግቡ ይልቅ ግን የሚያስቸግረው ጾሙ ነበር። ሐበሻ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፤ በጾሙም ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተትም ቅቤም እንቍላልም አይቀምስም፤ ዐቢይ ጾሙም 55 ቀን ነው። በሮሜ ረቡዕ ቀን ሥጋ ይበላል፤ ዐርባው ጾም ከሐበሻው አጥሮ ሌላ ቀን ይጀምራል፤ ከዚህም ሁሉ ይልቅ ዓርብንና ቅዳሜን ከሥጋ የሚከለከሉት በአንድነት ነበር። ቅዳሜ ግን ለእኛዎቹ ቀዳሚት ሰንበት ናት፤ በ1450 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በዘርዐ ያዕቆብ ፊት በተደረገው ጉባኤ እሑድንና ቅዳሜን እኩል ማክበር ከጸና በኋላ፣ በቅዳሜ ቀን መጾም ሰንበትን እንደ መሻር የሚታይ ነበር። እንግዲህ ረቡዕ አንዱ ሲጾም ሌላው ይበላል፤ ቅዳሜ አንዱ ሲበላ ሌላው ይጾማል፤ ከጾሙ ቀኖች በዓርብ ብቻ ሁለቱ ማዕዶች ይመሳሰላሉ። የእንግዳ ተቀባዩን እንጀራ አልበላም ማለት ነውር ነው፤ መብላት ደግሞ ሕግን መተላለፍ ነው። በዚህ መካከል የሚቆም ሰው የሚናገረው ሁሉ ይቅርታ መጠየቅ ይሆንበታል። በውጭ አገር ተቀምጦ የጾም ቀን በወዳጅ ቤት የተጋበዘ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ጭንቅ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ።

ነገር ግን ከዚሁ ከባዕድነታቸው ውስጥ ለልሳናችን ትልቅ ነገር ወጣ። ፖትከን የሰማውን ጸሎት ሊረዳ ሽቶ ቶማስ ከተባለ ከማኅበሩ መነኵሴ ዘንድ ፊደል ቈጠረ፤ የግዕዙንም መዝሙረ ዳዊት በ1513 ዓ.ም. በሮሜ በማተሚያ አሳተመ። በፊደላችን በማተሚያ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ከመቶ ዓመት የማይበልጥ ዕድሜ ያለው የማተሚያ ጥበብ ወደ ኢትዮጵያ ሳይደርስ፣ ኢትዮጵያዊው ዳዊት ወደ ማተሚያው ደረሰ ማለት ነው።

ከዚህም ይበልጥ የሚያስደንቀው የተስፋ ጽዮን ሥራ ነው። ይህ ሰው የወጣው በግራኝ ዘመን፣ አድባራት ሲቃጠሉ፣ መጻሕፍት ሲጠፉ፣ የራሱም ገዳም ደብረ ሊባኖስ በእሳት ሲወድም ባየው ትውልድ ውስጥ ነው፤ በኢየሩሳሌም በኩል አልፎ በ1530ዎቹ ሮሜ ገባ። ላቲንና ጣልያንኛ ተማረ፤ ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ከጳውሎስ 3ኛ ጀምሮ የታላላቆቹን ሞገስ አገኘ፤ ኋላ ራሱ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆነው ማርቼሎ ቸርቪኒ ረዳው። አገሩ ያጣችውን መጽሐፍ እሳት በማይደርስበት አገር አብዝቶ ለማስቀረት የፈለገ ይመስላል፤ ከ1548 እስከ 1549 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋራ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል። በአገሩ ጸሓፊ ማለት ብራናውን ዳምጦ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ፣ ብራናውን በጕልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቅዱሳን ስሞች ላይ ሲደርስ ቀዩን ቀለም እያነሣ ፊደሉን አንድ በአንድ የሚያወርድ ሰው ነው። በሮሜ ግን ፊደል በእርሳስ ይቀረጻል፤ ተገልብጦ ይደረደራል፤ ከቀኝ ወደ ግራ የተነበበው በወረቀቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሆኖ ይወጣል። ላቲን ከሠላሳ በማይበልጡ ፊደላት ሲጻፍ፣ የእኛ ፊደል 26ቱ በ7 ድምፅ ሲባዙ 182፣ ከ20ዎቹ ዲቃሎች ጋራ 202 ይሆናል፤ በዚህ ላይ ቍጥሩና ነጥቡ አለ። ፊደሉን የሚደረድሩት ሠራተኞች ሀን ከሐ፣ ጸን ከፀ፣ ካዕብን ከሣልስ የሚለዩት በቅርጽ ብቻ ነው፤ ድምፁን አያውቁትም። መነኰሳቱ በበኩላቸው ማንበብ እንጂ የማተሚያን ሥራ አያውቁም ነበር። ተስፋ ጽዮን ራሱ በመጽሐፉ መጨረሻ ለአንባቢ ይህንኑ ገልጦ፣ ስለ ተገኘው ስሕተት ይቅርታ ይለምናል። የግብረ ሐዋርያቱ ቅጂ ጐዶሎ ስለ ነበረበትም ከላቲንና ከጽርእ እያስተያየ ለመሙላት ተገደደ፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያቀርብለት ሊቅ፣ ቅጂውንም የሚያውሰው ደብር በአጠገቡ አልነበረምና። አንዳንድ የኋላ ሊቃውንት የዚያን እትም ስሕተት ዘርዝረው ነቅፈውታል። እኔ ግን በባዕድ እጅ፣ በባዕድ ብረት፣ ከደብሩ ተለይቶ ያንን የሚያህል መጽሐፍ ያወጣ ሰው ከነቀፋው ይልቅ ምስጋናው ይበዛል ብዬ አምናለሁ። ማርያኖ ቪቶሪ የተባለ ጣልያናዊም ከሱ ተምሮ በ1552 ዓ.ም. የግዕዝን ሰዋስው አሳተመ። ተስፋ ጽዮን ገና በጎልማሳነት ዕድሜ አረፈ፤ በዚያችው በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀበረ።

አሁን ወደ ሰዓቱና ወደ ዘመኑ ቍጥር ልመለስ፤ ልብን በዝምታ የሚያደክም ነገር ይህ ነውና። በዚያ ዘመን ጣልያኖች ሰዓት የሚቈጥሩት ከፀሐይ መግቢያ ጀምረው እስከ 24 ነበር፤ ስለዚህ የእነሱ 24ኛው ሰዓት ማታ ነው። ሐበሻው ደግሞ ሲነጋ አንድ ብሎ፣ ሲመሽ እንደገና አንድ ብሎ ይጀምራል። የሌሊቱ ቍጥር ከሞላ ጐደል ይገጥምላቸዋል፤ ሲነጋ ይለያያሉ፤ አንዱ ወደ አንድ ሲመለስ ሌላው ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት እያለ ይቀጥላል።

የዓመቱ ነገር ከዚህ ይጠልቃል። እስከ 1582 ድረስ ሮሜና ኢትዮጵያ የወራቸው ስምና የዓመተ ምሕረቱ ቍጥር ቢለያይም የዓመቱ ርዝመት አንድ ነበር። መስከረም 1 በሮሜ ኦገስት 29 ቀን ይውል ነበር፤ በሮሜም ይህ ቀን መጥምቁ ዮሐንስ አንገቱ የተቈረጠበት በዓል ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ዘመን መለወጫን «ቅዱስ ዮሐንስ» ብሎ የሚጠራ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ በሮሜ ያለ ሐበሻ መነኵሴ አደይ አበባ በሌለበት፣ በበጋው ሙቀት መካከል፣ እንቍጣጣሽ የሚል ልጅ ሳይሰማ አዲሱን ዓመት ሲቀበል፣ ቢያንስ ደወሉ ለዮሐንስ ይደወልለት ነበር። ጐርጎርዮስ 13ኛ ዘመኑን አስተካክላለሁ ብሎ በ1582 ከኦክቶበር 4 ማግስት ያለውን ቀን ኦክቶበር 15 ሲያደርገው፣ በአንድ ሌሊት 10 ቀኖች ጠፉ፤ ጥቅምት 7 ብሎ የተኛው ሐበሻ ጥቅምት 8 ብሎ ሲነሣ፣ ጎረቤቶቹ በሌላ ዘመን ውስጥ ነቅተው አገኛቸው። ከዚያ ወዲያ መስከረም 1 ከሮሜ የዮሐንስ በዓል ተለይቶ ወደ ሴፕቴምበር 8 ተሻገረ። ያች አንዲት የጋራ ቀንም ተለየች።

በዚህ መንገድ ስሄድ የሚመጣብኝ የመጨረሻው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነው። አማራ ነው፤ የመካነ ሥላሴ ሰው ነው። ኢየሱሳውያን ከተባሉት የሮሜ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ጋራ ተወዳጅቶ ስለ ነበር ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ እነዚህን ካህናት ከአገር ባስወጡ ጊዜ አብሮ ወጣ፤ ሕንድን አይቶ፣ ኋላ ወደ ሮሜ መጥቶ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጠ። በ1649 ዓ.ም. ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት የኤርፉርት ጀርመናዊ ወደዚያች ቤት ሲመጣ ማኅበሩ መንምኖ አራት ሐበሾች ብቻ ቀርተው ነበር። ሉዶልፍ ግዕዝን በመጽሐፍ ብቻ ስለ ተማረ ከሕያው ሰው አፍ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ከሐበሻ እናትና ከፖርቱጋላዊ አባት የተወለደው አንቶንዮ ዳንድራዴ በጣልያንኛ እያስተረጐመላቸው ጀመሩ፤ ቀስ በቀስም ግዕዝ ራሱ የሁለቱ ልሳን ሆነ። በአገር ቤት ከቅዳሴና ከመጽሐፍ በቀር የማይነገረው ልሳን፣ በባዕድ አገር ሁለት ሰዎች ደብዳቤ የሚጻጻፉበት ሆነ ማለት ነው።

በ1652 ዓ.ም. የሳክስ ጎታው መስፍን ኤርንስት ጎርጎርዮስን ወደ አገሩ ጠራው። አልፕስ የተባሉትን ተራሮች ተሻግሮ ወረደ፤ በኑረምበርግ ከሉዶልፍ ጋራ ተገናኘ። ኑረምበርግ በዚያ ዘመን የራስዋ ሰዓት ነበራት፤ የቀኑን ከፀሐይ መውጫ፣ የሌሊቱን ከፀሐይ መግቢያ ጀምራ ለየብቻ ትቈጥር ነበር፤ ልክ እንደ ሐበሻ። በዚያ ከተማ ጧት ደወሉ አንድ ብሎ ሲመታ ጎርጎርዮስ አስተውሎት ይሆን? ጎታም ሲደርስ ሌላ ነገር ጠበቀው። የጎታ ሰዎች ሉተራውያን ስለ ነበሩ የሮሜውን አዲስ አቈጣጠር ገና አልተቀበሉም፤ ከሮሜ የወጣው መንገደኛ 10 ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ፣ የአገሩ መስከረም ኦገስት 29 ቀን በሚውልበት ምድር ገባ። ከሰኔ ጀምሮ በጋውን በዚያ ሲቀመጥ ጾመ ፍልሰታ በክረምቱ ዝናብና ጭጋግ ሳይሆን በሚታጨድ እህል መካከል አለፈ፤ በዚያው አገር ሳለም በአገሩ አቈጣጠር 1645 ዓመተ ምሕረት በጀርመኖቹ የዮሐንስ በዓል ቀን ባተለት። በጎታ ይህን የሚያውቅ ከሱ በቀር ማን እንደ ነበረ እንጃ፤ ሉዶልፍ ግን ጠይቆት ከሆነ አውቋል።

የሰፈረበት የፍሪደንሽታይን ግንብም እንደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ጎረቤት ገና በመታነጽ ላይ ነበር። ጀርመን የ30 ዓመቱ ጦርነት ካለቀ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ መስፍኑም ለግንቡ የሰላምን ስም ሰጥቶታል። በሃይማኖት ምክንያት የወንድም ደም ሲፈስ በአገሩ ያየው ጎርጎርዮስ፣ በዚሁ ምክንያት የተቃጠሉ መንደሮች ያሉበትን አገር እያየ ሲጓዝ ብዙ ነገር ሳይተረጐምለት የገባው ይመስለኛል። የጎታ ሊቃውንት ስለ እምነቱ መረመሩት፤ ሉዶልፍ ግን ከዚህ ተሻግሮ ስለ ወንዞችና ስለ አራዊት፣ ስለ እህልና ስለ ዳኝነት፣ ስለ ንጉሡ ሰፈርና ስለ ገበሬው ቤት ጠየቀው። ያልተጠየቁትን ነገር ሰው በልቡ አያውቀውም፤ በአገር ቤት ሳለ ጤፍ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ግልጽ የሆነው ሁሉ ሊተረጐም ግድ ሆነ። በ1681 የወጣው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በአራት መጻሕፍት ሲከፈል፣ አንደኛው ስለ ምድሪቱና ስለ ሰዎቿ፣ ሁለተኛው ስለ መንግሥቱ፣ ሦስተኛው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አራተኛው ስለ ትምህርቱና ስለ ቤት ኑሮው መሆኑ የጥያቄዎቹን ስፋት ያሳያል።

ጎርጎርዮስ ብርዱ ሳይጠና፣ ሴፕቴምበር ሲገባ ተሰናብቶ ወደ ሮሜ ተመለሰ። ደብዳቤዎቹ ግን ከሉዶልፍ ጋራ መመላለሳቸውን አልተዉም። በ1658 ዓ.ም. ወደ አገሩ ለመግባት ተሳፍሮ ሲሄድ በእስክንድሮን አጠገብ መርከቡ ተሰብራ ሰጠመ፤ ሲወጣ ጕልማሳ የነበረው ሰው ከ60 ዓመት ያልራቀ ሽማግሌ ሆኖ ነበር። ሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላቱን በ1661 አሳተመ፤ የጎርጎርዮስን መልክ አስቀርጾ በ1691 በወጣው የታሪኩ ማብራሪያ ውስጥ አኖረው። ከዚያም፣ በጎታ ግንብ ከተቀመጡበት በጋ 46 ዓመት፣ መርከቡ ከሰጠመች 40 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እሱ ራሱ 74 ዓመት ሲሆነው፣ በ1698 በፍራንክፈርት ሌላ መጽሐፍ አወጣ። ይህኛው የመጽሐፍ ልሳን አልነበረም፤ በአገር ቤት ከእናት አፍ የሚሰማው፣ በጓዳና በደጅ፣ በገበያና በእርሻ የሚነገረው አማርኛ፣ በመጀመሪያ ጊዜ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ተበጅቶለት የታተመበት ነው።